የሁለት መስመር አስተያየት

ረጅም ነገር አልወድም። ስልክ ሳነሳ «አቤት» ብዬ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ነው። እህቴ «አንቺ እኮ ቃል እየቆጠሩ የሚያስከፍሉሽ ነው የሚመስለው» ትለኛለች። ይሄንንም ባጭሩ ልጨርሰው። የምዝገባ መስኮቱ ላይ ነኝ፤ ሰው ከመጣ አቆማለሁ።

ሥራዬ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊነት ነው። ልጅ እመዘግባለሁ። የመምህራኑን አስተያየት የተማሪ ካርድ ላይ እተይባለሁ። በየሳምንቱ ዓርብ ለቤተሰብ የምትላከዋን ወረቀት አዘጋጃለሁ።

ካርዱ ላይ ለመምህር አስተያየት የተተወው ሁለት መስመር ነው። «ጎበዝ ተማሪ ናት፣ በዚሁ ትቀጥል።» አለቀ።

የአንደኛ ክፍሉ አዲስ መምህር ግን ለሠላሳ አንድ ልጅ ሠላሳ አንድ ገጽ ይዞ መጣ። በእጁ የጻፈው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አስተያየት።»

«የስንት ዓመት?»

ሳቀ። ሲስቅ መጀመሪያ ዓይኑ ነው የሚስቀው፤ አፉ ዘግይቶ ይደርሳል። ያን ቀን አላስተዋልኩም ብል ውሸት ነው።

«ቦታው ሁለት መስመር ነው» አልኩት።

«ልጆቹ ሁለት መስመር አይበቃቸውማ።»

«ካርዱን እኔ አላሠራሁትም። አሳጥረዋለሁ።»

«አሳጥሪው። ሳታነቢ ብቻ እንዳታሳጥሪ።»

በምሳ ሰዓት አነበብኩት፣ ለማሳጠር ብዬ። አንዱ ልጅ ሲደምር ጣቱ ካለቀበት የጎረቤቱን ጣት ይዋሳል። አንዷ «ዜሮ ምንም ካልሆነ ለምን እንጽፈዋለን?» ብላ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ በልታዋለች። ብቻዬን ሳቅኩ። ሁሉንም ወደ ሁለት መስመር አወረድኩ። ዋናዎቹን ግን መጣል አቃተኝና መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

መምህራኑ «ሐተታ» ብለው ስም አወጡለት። እሱ ደግሞ እኔን «ባጭሩ» አለኝ።

«ባጭሩ፣ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና።»

«አየሽ? ስም ያወጣልሽ ሰው አልተሳሳተም።»

ከዚያ በኋላ ፎቶኮፒ ማስነሳት አበዛ። ሌላው መምህር አሥር ገጽ ካለው አሥሩን አንድ ላይ ያመጣል። እሱ አንድ ገጽ ያመጣል፣ ይሄዳል፣ ሌላ አንድ ገጽ ይዞ ይመለሳል። በር ላይ የሚቀመጠው ዘበኛችን ታዝቦ ታዝቦ አንድ ቀን «ይሄ ሰውዬ ከአንድ በላይ መቁጠር አይችልም እንዴ? ልጆቹን ምን ሊያስተምራቸው ነው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት። ማሽኑን ግን ቀስ ብሎ እንዲያወጣ አድርጌዋለሁ።

ካርዱ በተሰጠ በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መጡ። ካርዱን ከደረት ኪሳቸው አወጡና መስኮቱ ላይ ዘረጉልኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን የጻፈው ማነው?»

አየሁት። «ክፍል ውስጥ አትናገርም። ቤተሰብ ይከታተላት።»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። የመምህሩን አሳጥሬ ነው።»

«የልጅ ልጄ ቤት ስትናገር ማን ያስቆማታል! ካርዷ ሲነበብ ሰምታ ይኸው ሁለት ቀኗ፣ ቤትም ዝም አለች። ከዚህ አስወጥቼ ሌላ ቦታ ልወስዳት ነው።»

መሳቢያውን ከፍቼ የእሷን ገጽ ፈለግኩ። መምህሩ የጻፈው እንዲህ ነበር። ልጅቷ ሦስት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ አልተናገረችም። አንድ ዝናባማ ቀን ግን አንድ ልጅ ሲያለቅስ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጠዋት መምህሩ ያነበበላቸውን ተረት አንድ ቃል ሳታስቀር እስኪስቅ ድረስ በጆሮው ነገረችው። «ዝም ያለችው እየሰማች ስለሆነ ነው» ይላል መጨረሻው። «አታጣድፏት።»

ገጹን ሰጠኋቸው። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብለው አነበቡት። ከመጀመሪያው ደገሙት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ልውሰደው?»

«ይውሰዱት፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ገጹን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ።

ለመምህሩ ራሴ ነገርኩት። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ብዬ። ዓይኑ አልሳቀም።

«ሳታነቢ አታሳጥሪ አልኩሽ።»

«አንብቤዋለሁ።»

«እሱ ነዋ የባሰው» አለኝና ወጣ።

በማግስቱ አሥር ገጽ ፎቶኮፒ አስነሳ። አሥሩንም አንድ ላይ። ዘበኛው ቀና ብሎ አየኝ። «ተጣላችሁ እንዴ?»

ሳምንቱ እንደዚያ አለፈ። ከዚያ ዳይሬክተሯ የሚመጣውን ዓመት ምዝገባ ይዛ መጣች። ለአንደኛ ክፍል ሁለተኛ መማሪያ ክፍል የሚከፈተው እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ተጨማሪ ሃያ ልጅ ከተመዘገበ ነው። ካልሞላ አይከፈትም፤ መጨረሻ የተቀጠረውም መምህር ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል። መጨረሻ የተቀጠረው ደግሞ እሱ ነው።

ማስታወቂያውን እኔ ቀድሜ አውጥቼው ነበር። «የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ዓርብ ስድስት ሰዓት ይዘጋል።» በቃ። ሰኞ ስንቆጥር ከሃያው አሥራ አንድ ልጅ።

ማታ ሊወጣ ሲል መስኮቱ ጋ ቆመ። ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ አንዱ አዛወረ።

«ማስታወቂያሽን አየሁት። እንድሄድ ፈልገሽ ከሆነ ንገሪኝ። ባጭሩ።»

«አትሂድ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት፤ ለእኔ ልክ የተሰፋች። አልወጣችልኝም። ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ፣ ሄደ።

በማግስቱ ገና ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ደረስኩ። መሳቢያዬን ገለበጥኩ። የልጆቹን ስም ሳልጠቅስ የቤተሰቡን ወረቀት መጻፍ ጀመርኩ። «ልጅዎ አንደኛ ክፍል ሲገባ ምን ይማራል? ፊደል ይማራል። መደመር ይማራል። ጣቱ ሲያልቅበት ከጎረቤቱ መዋስም ይማራል። ስለ ዜሮ ቢጨቃጨቅ መምህሩ አይቆጣም፤ ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ አብሮት ይጨቃጨቃል። ልጅዎ ዝምተኛ ከሆነ የሚጠብቀው ሰው አለ...» እጄን የሚያስቆመው ጠፋ።

ዳይሬክተሯ አነበበችና ግንባሬን በመዳፏ ነካችኝ። «ትኩሳት አለሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው? በፊትም በጀርባም?»

«ሁለት መቶ ኮፒ ይበቃል?»

ዓርብ አልጠበቅኩም። ያንኑ ቀን በልጆቹ እጅ ወደየቤቱ ላክሁት። ረቡዕ አሥራ አራት ደረስን። ሐሙስ አሥራ ሰባት። ዓርብ ጠዋት አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ቀጥ።

ለስድስት አሥር ጉዳይ ሲሆን ዳይሬክተሯ ሰዓቷን እያየች አጠገቤ ቆመች። መዝገቡን እንዳትዘጋብኝ ክርኔን ጫንኩበት።

በኮሪደሩ መጨረሻ ሽማግሌው ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው ዝምተኛዋን፣ በሌላው ታናሽ ወንድሟን ይዘዋል።

«ወረቀቱን ቤት ውስጥ ሁላችንም አነበብነው» አሉኝ። «ይሄኛው ደግሞ ዝም የሚባል ነገር አያውቅም። እንዳትማረሩ።»

ልጅቷ በእግር ጣቶቿ ቆማ አገጯን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳረፈች። ትልልቅ ዓይኖቿን ተክላ አየችኝ።

«ስሙን እኔ ልንገርሽ?» አለች።

ነገረችኝ። ጻፍኩት። ያን መስመር ዛሬም ሳየው ፊደሉ ተጣሟል።

መዝገቡን ለዳይሬክተሯ ትቼ ሮጥኩ። የመምህሩን ክፍል በር በርግጄ ገባሁ። ሰሌዳው ጋ ቆሞ ነበር፣ ጠመኔ በእጁ።

«ሃያ!» አልኩ።

ልጆቹ ሲሰሙ ጥያቄ መሰላቸው መሰለኝ፣ በአንድ ድምፅ «ሃያ አንድ! ሃያ ሁለት! ሃያ ሦስት!» እያሉ ቀጠሉ።

ዓይኑ መሳቅ ጀመረ። «አሁን መቶ ሳይደርሱ አያቆሙም።»

«ይቁጠሩ። ጊዜ አለኝ።»

ይህቺን ቃል በሕይወቴ ተናግሬያት አላውቅም። እሱም ገባው መሰለኝ፣ ጠመኔውን አስቀመጠ። እነሱ እየጮሁ፣ እኛ እየተያየን መቶ ደረሱ።

«ወረቀቱን አነበብኩት» አለኝ።

«ረዘመ?»

«እንዲያውም አጠረብኝ።»

ትናንት ሁሉም ልጆች የዓመቱን ካርድ ወስደዋል። ዛሬ ጠዋት አንድ ካርድ መስኮቱ ላይ አስቀመጠልኝ። ስም፦ ባጭሩ። ንባብ፦ እጅግ በጣም ጥሩ። ትዕግሥት፦ መሻሻል አሳይታለች። ሰላምታ፦ ክትትል ያስፈልጋታል። የመምህሩ አስተያየት፣ አንደኛው መስመር ላይ፦ «አግቢኝ።»

«ሐተታው የታለ?» አልኩት። ድምፄ ቀጥኗል።

«እኔም ማሳጠር ልማር ብዬ።»

«ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው።»

«እሱ ያንቺ ነው።»

እስክሪብቶ አነሳሁ። «እሺ» ብዬ ጻፍኩ። ማቆም ነበረብኝ። መስመሩ አለቀ፤ ወደ ጠርዙ ዞርኩ። ጠርዙ አለቀ፤ ካርዱን ገለበጥኩት። እሱ ክንዱን ደፉ ላይ አሳርፎ ይጠብቀኛል። ከኋላው ሦስት ወላጆች ተሰልፈዋል።

«እህት፣ አልጨረስሽም እንዴ?» አለች አንዷ።

«ገና ነኝ» አልኳት።