የአንዲት አቶም ስድስት መስመሮች

ዶክተር ገብረሕይወት ካዛንቺስ ባለው ቤተ ሙከራቸው ወለል ላይ ጠዋት ሞተው ተገኙ። ያፈናቸው ከማቀዝቀዣ በርሜል የተለቀቀ የሂሊየም ጋዝ ነው፤ በሩ ደግሞ ከውጭ ተቆልፏል። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ተማሪያቸው ሊዲያና ባልደረባቸው ዶክተር አጽብሃ። ፖሊሶቹ ነገር አላበዙም፤ ዶክተሩን አምነው ልጅቷ ላይ ካቴና አጠለቁ።

ኢንስፔክተር ሀምዲያ ግን በቀላሉ የምትረካ ሴት አይደለችም። ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀመረች።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ምን ሰሙ?»

«ትናንት ከሰዓት ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሽሽሽ የሚል ድምፅ፣ ልጄ። እነሱ ቤት የማይጮኽ ዕቃ የለም ብዬ አለፍኩት። ምነው በሩን ባንኳኳሁ!»

ዶክተር አጽብሃ ሳይጠየቁ ወረቀት ዘረጉ። «እኔ ትናንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታች ባለው መለኪያ ክፍል ልኬት ላይ ነበርኩ። ይኸው፣ አሥር ተኩል ላይ የወሰድኩት።»

ወረቀቱ ላይ ስድስት ቀጫጭን መስመሮች ጥርት ብለው ይታያሉ። ሀምዲያ ይዛው ወደ ሊዲያ ሄደች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ልጅቷ ወረቀቱን አየችው። «ኳንተም ዶት፣ ማለቴ የኮምፒውተር ቺፕ ከሚሠራበት ከሴሚኮንዳክተር የተሠራ በጣም ደቃቅ ነጥብ ነው። ውስጡ አንዲት የማንጋኒዝ አቶም አለች፤ እንደ ትንሽ ማግኔት በስድስት አቅጣጫ ትቆማለች። ስፒን የምንለው እሱን ነው። ነጥቡ የሚያወጣው ብርሃንም ስድስት ቦታ ይከፈላል፤ መስመሮቹ እነዚያ ናቸው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሂሊየም እስካቀዘቀዘው ድረስ። ሂሊየሙ ከተቋረጠ በግማሽ ሰዓት ይሞቃል፤ መስመሮቹ በቃ ይደበዝዙና ይቀላቀላሉ።»

«ስንት በርሜል አላችሁ?»

«አንድ። ከሱ ነው በቱቦ ታች የሚወርደው። ሌላው ጉምሩክ ከገባ ሦስት ወሩ።»

ሀምዲያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«በርሜሉ የተለቀቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ አሥር ተኩል ላይ እንኳን ስድስት፣ አንድም ጥርት ያለ መስመር ሊኖር አይችልም። ዶክተር፣ ወረቀቱ የድሮ ነው።»

«አንቺ ፊዚክስ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም። ዶክተር ገብረሕይወት ግን ያውቁ ነበር። ኮምፒውተራቸው ላይ ያልተላከ ደብዳቤ አለ። በአምስት ጽሑፎችዎ የአምስት ናሙናዎች ውጤት ብለው ያወጡት አንድ ሥዕል ነው ይላል። ከወረቀትዎ ጋር አመሳከርኩት፤ ዛሬም ያንኑ ነው ያመጡልኝ። ልማድ ሆኖብዎታል።»

አጽብሃ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ስሜን ሊያጠፋው ነበር! ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ስም!»

ካቴናው ከሊዲያ እጅ ወልቆ ወደ እሳቸው ሄደ። ሀምዲያ ልጅቷን ደገፍ አድርጋ «በቃ፣ ቤትሽ ግቢ» አለቻት።

ሊዲያ አልተንቀሳቀሰችም።

«ከጠዋት ጀምሮ እኔ አይደለሁም ስል ነው የዋልኩት» አለች። «ለአስተማሪዬ እስካሁን አላለቀስኩላቸውም።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።