የደሃቦ ተማሪዎች

ቲቸር ወለተሐና ሞተው የተገኙት ጠዋት፣ ጅግጅጋ ውስጥ ባለች አንዲት ቤተ መጻሕፍት፣ የሴቶች ትምህርት መዛግብት ክፍል ውስጥ ነው። ኢንስፔክተር ዑባህ ተጠርታ ስትደርስ ከረጅሙ መሰላል ሥር በጎናቸው ተዘርረው አገኘቻቸው። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ነበሩ።

«ከመሰላሉ ወድቀው ነው» አለ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ፈይሰል። «በሰባ ዓመትዎ አይውጡ ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው!»

ዑባህ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። የመሰላሉ እግር ደሙን እየጠረገ ያለፈበት መስመር ደርቆ ይታያል።

ክፍሉን ለአሥራ አንድ ዓመት የሞሉት ሟቿ ናቸው፤ ከአፍደም እስከ ጉናጋዶ ዞረው የልጃገረዶችን የስም መዝገብና የመምህራትን ደብዳቤ ለቅመዋል። ረዳታቸው ካልቱን እንባዋን እየጠረገች ተናገረች።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደገሀቡር ጥቅል መጣላቸው። ‹የመጀመሪያዋን አስተማሪ አገኘኋት!› ብለው ፈነደቁ። ሳይፈቱት ትቻቸው ወጣሁ።»

ጥቅሉ የለም። የተቀደደ መጠቅለያው ብቻ ጠረጴዛው ሥር ወድቋል።

ከዚያ ዑባህ ዶክተር የኋላሸትን ጠየቀች። የከተማዋን የትምህርት ታሪክ የሚጽፍ፣ ክፍሉን የሚያዘወትር ሰው ነው። አዲስ የሚከፈተው የሴቶች ትምህርት ቤት በአባቱ ስም ሊሰየም ቀኑ ተቆርጧል።

«ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቻለሁ። ጥቅል የሚባል አላየሁም።»

«ስለ መጀመሪያዋ አስተማሪስ?»

«ወሬ ነው! እዚህ ሴቶችን ማስተማር የጀመረው አባቴ ነው። ደሃቦ የምትባል የቤት እመቤት በእርሳስ በሞነጫጨረችው ታሪክ አይገለበጥም።»

ዑባህ ደገሀቡር፣ የጥቅሉ ላኪ ጋ ስልክ ደወለች። ከዚያ ሦስቱንም ንባብ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ቲቸር አልወደቁም» አለች። «ከመሰላል ቢወድቁ ኖሮ ደማቸው የሚፈሰው መሰላሉ ከቆመ በኋላ ነበር። እዚህ ግን መሰላሉ ደሙ ላይ ተጎትቷል። አንድ ሰው ኋላ ያመጣው ነው። ጥቅሉ ውስጥ የነበረውን የስም መዝገብ የላከችው የደሃቦ ልጅ ናት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ለማንም አላሳየችውም፤ ለቲቸር እንኳ በእርሳስ መጻፉን አልነገረቻቸውም። ዶክተር፣ እርስዎ ግን ያውቃሉ። ቦርሳዎን ይክፈቱ።»

የኋላሸት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መዝገቡን ራሱ አወጣው። የአሥራ ሰባት ልጃገረዶች ስም፣ በደብዛዛ እርሳስ።

«አያሳትሙት አልኳቸው፤ እምቢ አሉ። ስንጓተት ራሳቸው ከብረት ቁም ሣጥኑ ጋር ተጋጨ።»

«ወዲያው ሞቱ?»

መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይተነፍሱ ነበር።»

«መዝገቡን ለምን አላቃጠሉትም?»

«አቃተኝ። የታሪክ ሰው ነኝ እኮ።»

ካልቱን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ፈይሰል ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

የኋላሸት ተፈረደበት። ትምህርት ቤቱ ግን በአባቱ ስም ተመረቀ፤ ሰሌዳው አስቀድሞ ተጽፎ ነበርና ማንም ሊቀይረው አልፈለገም። ዑባህ መዝገቡን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ለማስመለስ ፍርድ ቤት ሄደች። በማስረጃነት የተያዙ ዕቃዎችን የሚጠብቀው የኤግዚቢት ሠራተኛ ፋይሉን ገልጦ አየ።

«ንብረትነቱ የወይዘሮ ወለተሐና ነው። እሳቸው ቀርበው ፈርመው ይውሰዱት።»

«ሞተዋል እኮ! የሞቱት በዚሁ መዝገብ ምክንያት ነው!»

«እንግዲያው እኛ ጋ ይቆያል» አለና መስኮቱን ዘጋባት።