ሎቪና የነቀለችው ሚስማር

ሎቪና የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ፣ አሚሽ በሚባሉ ምእመናን መንደር ነው። እዚያ መኪና የሚነዳ ሰው የለም፤ ወደ ጸሎትም ወደ ገበያም የሚኬደው በፈረስ ጋሪ ነው። ስለዚህ የሎቪና አባት ኦርቫ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የፈረሶችን ሰኮና በሞረድ እያስተካከለ የብረት ጫማ በሚስማር ይመታላቸዋል።

የሎቪና ሥራ ደግሞ ከአሮጌ ጫማ ላይ ተነቅለው የሚወዳደቁትን ሚስማሮች ረጅም እጀታ ባለው ማግኔት መልቀም ነበር። ቀላል ሥራ ነው። ግን ልጆች፣ ቀላል ሥራ ያሰለቻል፤ እኔ ልንገራችሁ? እናንተው ታውቁታላችሁ።

አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ የአጎቷ ልጆች መረብ ኳስ ሊጫወቱ መጡ።

"ሎቪና፣ ነይ እንጂ፤ አንቺን ስንጠብቅ ልናረጅ ነው" አሏት ከአባቷ መሥሪያ ክፍል በር ውጭ።

ማግኔቱን መሃል ወለሉ ላይ አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ አደረገችና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

"ማዕዘኖቹንም ለቀምሽ?" አላት አባቷ።

"አዎ፣ አባዬ።"

አባቷ አመናት። ልጁ አይደለች?

በማግስቱ እማማ ፋኒ ፈረሳቸውን ዶሊን ይዘው መጡ። እማማ ፋኒ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው፤ ከዶሊ ሌላ ፈረስ የላቸውም። ኦርቫ ለዶሊ አዲስ ጫማ መታላትና ከእማማ ፋኒ ጋር ወሬ ያዘ። ሎቪና ፈረሷን ልታወጣ ገመዱን ይዛ ሄደች። በሩ ጥግ ሲደርሱ ዶሊ የፊት እግሯን ድንገት አነሣች።

ሎቪና ጎንበስ ብላ ሰኮናውን አየች። ከብረቱ መሃል፣ እንደ ላስቲክ ለስላሳ የሆነው ቦታ ላይ አንድ ጎባጣ ሚስማር ተሰክቷል። ማታ ሳትለቅመው የቀረችው ነው።

አባቷ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበር። "ሚስማር የወጋው ፈረስ ካየሽ እንዳትነቅዪ፤ ጥሪኝ። የት እንደገባ፣ ወዴት እንደዞረ የሚነግረን ሚስማሩ ራሱ ነው።"

ሎቪና ግን ከጠራችው ውሸቷ ሊታወቅ ነው። ነቀለችውና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ለስላሳው ቦታ ወዲያው ተመልሶ ገጠመ፤ እንኳን ቀዳዳ ጭረትም አይታይበትም።

"ምን ሆና ነው?" አለ አባቷ ከኋላ።

"ዝንብ ነው፣ አባዬ።"

እሑድ በጎረቤት ቤት ለጸሎት ተሰበሰቡ። ሎቪና ስብከቱን አልሰማችም። በመስኮት፣ እማማ ፋኒን ይዛ የመጣችውን ዶሊን ብቻ ታያለች። ቆማለች፣ ደህና ናት። ግን ያን እግሯን ለምን ደጋግማ ታሳርፈዋለች? ምሳ ላይ የምትወደውን የለውዝ ቅቤ ሳትነካው ተወችው። ማታም እንቅልፍ እንቢ አላት። ፈራች ልጆች፣ በጣም ፈራች። ቀን በጨመረ ቁጥር መናገሩ እየከበዳት ሄደ።

ረቡዕ የእማማ ፋኒ የእህት ልጅ ዌይን መጣ። "ዶሊ እግሯን መሬት ማስነካት አቅቷታል" አለ። "ኦርቫ፣ ሚስማሩን ሥጋዋ ላይ ነው የመታኸው።"

ኦርቫ ፊቱ ጠቆረ። መሣሪያውን ጭኖ ሲነሣ ሎቪናም ጋሪው ላይ ወጣች።

እማማ ፋኒ ጋጣ ሲደርሱ የእንስሳት ሐኪሙ ቀድሞ መጥቶ ከአሮጊቷ ጋር ይጠብቃቸው ነበር። ኦርቫ አዲሱን ጫማ ነቀለ። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አየ፣ አሸተተ። ደምም መግልም የለባቸውም። ሐኪሙ የሰኮናውን ዙሪያ በጉጠት እየጫነ ፈተሸ።

"የነካኋት ቦታ ሁሉ ያማታል" አለ። "መግሉ የቋጠረበትን ካላገኘን ወደ አጥንቷ ይዘልቃል። ያን ጊዜ የማድናት አይመስለኝም።"

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ኦርቫ ቀስ ብሎ። "ዓይኔ ሳይደክም አልቀረም። መዶሻውን ባስቀምጥ ይሻላል።"

ሎቪና ወደ ዶሊ ጠጋ አለች።

"እዚያ አይደለም" አለች። ድምፅዋ ስላነሰ ማንም አልሰማትም። "እዚያ አይደለም፣ አባዬ። እኔ ያልለቀምኩት ሚስማር ወግቷት ነው። ነቀልኩትና ዝንብ ነው ብዬ ዋሸሁህ።" ሚስማሩን ከሽርጧ አውጥታ በመዳፏ ያዘችው።

ዌይን አቀርቅሮ ባርኔጣውን ያሻሽ ጀመር። ኦርቫ የዶሊን ሰኮና ወደ ሎቪና አዞረ። ከዚያ "የቱ ጋ?" አለ ብቻ።

"እዚህ ጋ። ጫፉ ወደ ተረከዟ ዞሮ ነበር።"

ሐኪሙ ሚስማሩን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። "ደግነቱ ወደ አጥንቱ አላመራም" አለና ባሳየችው ቦታ ትንሽ ቆረጥ አደረገ። ጥቁር መግል ፈሰሰ። ዶሊ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሎቪና እያለቀሰች እማማ ፋኒን ይቅርታ ጠየቀች።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አሉ እማማ ፋኒ። "ለእግሯ መንከሪያ የሞቀ የጨው ውሃ ያስፈልጋል። እንባሽ ጨው አለው፣ ግን ባልዲ አይሞላም፤ ሂጂና ውሃ ጣጂ።"

ዶሊ እግሯን ደፍራ እስክትረግጥ ድረስ ሎቪና በየቀኑ እየሄደች ነከረችላት። የአጎቷ ልጆች ኳሱን ያለ እሷ ተጫወቱ።

በመጀመሪያው ቀን ሲመለሱ አባቷ ጋሪው ላይ ጠየቃት። "ይህን ሁሉ ቀን ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?"

"አልቻልኩትም፣ አባዬ።"

እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። እስከ ቤት ድረስም አላነሣውም።

ዶሊ ከዳነች በኋላ አንድ ዓርብ የአጎቷ ልጆች እንደገና መጥተው ከውጭ ተጣሩ። አባቷ መዶሻውን ሰቅሎ "ማዕዘኖቹንም ለቀምሽ?" አላት።

"የበሩ ጥግ ይቀረኛል" አለች ሎቪና።

"እሺ" አለ አባቷ፤ ጨርሳ እስክትወጣም በሩን ይዞላት ቆመ።

ልጆች፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ጥፋታችሁን ስትደብቁ ሌላው ይታመምበታልና ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ።