ያልነደደው ምድጃ ጭስ

ቀማሾቹ እንዳሉት ከሆነ፣ ትናንት በኅዳር ሚካኤል ከሆስፒታሉ ጭስ ማውጫ የወጣው መርዝ ወረዳው ከፈቀደው ልክ እጅግ አልፏል። የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያው ኃላፊ አቶ ጉልማ እንዳሉት ደግሞ፣ በዓል ስለነበር ምድጃው ጭራሽ አልተለኮሰም።

ይትባረክ ሁለቱንም አመነ፤ ጭንቀቱም ይኸው ነበር። የወረዳው የአየር ተቆጣጣሪ ከሆነ ወዲህ ቀማሾቹ አንድም ቀን አሳስተውት አያውቁም። ቀማሽ ማለት ከጥፍር የማትበልጥ በራሪ መሣሪያ ናት፤ አየር ትቀምሳለች፣ መርዝ ካገኘች ሆዷ ይቀላል፣ ያገኘችውንም ለመዝጋቢው ታቀብላለች። መዝጋቢው የሁሉንም ቃል ሰብስቦ የመርዙን ምንጭ የሚለይ አሳቢ ማሽን ነው። ቀማሾቹ እንደ ዝንብ በየሰማዩ ስለሚርመሰመሱ ቀና ብሎ የሚያያቸው የለም። አቶ ጉልማም ቢሆኑ ሐሰት ከአፋቸው የሚወጣ ሰው አልነበሩም።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከልክ ያለፈ ጭስ ማውጫ በምክር ቤቱ ውሳኔ ይታሸጋል። ምድጃው ከታሸገ ሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና ያቆማል፤ ደም የነካውን ሁሉ የሚያስወግድበት ሌላ ቦታ የለውም። ካልታሸገ ደግሞ ከጭስ ማውጫው ግርጌ ሰው የሚኖርበት ሰፈር አለ። የይትባረክ ቤት እዚያው ነው፤ ትንሿ ልጁ ሶልያና ሌሊቱን ስትስል አድራለች። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከሰዓት በኋላ ነው።

አቶ ጉልማ የምድጃውን በር ከፍተው እጁን አስገብቶ እንዲዳስስ ጋበዙት። ትናንት ነድዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እጅ አያስደርስም ነበር። ብረቱ በረዶ ሆኗል።

"ቀማሾችህ ጎበዞች ናቸው፣ ልጄ" አሉት። "ያልተጣደ ወጥ ይቀምሳሉ።"

ይትባረክ አልሳቀም። ከኪሱ አንዲት ቀማሽ አውጥቶ ለቀቀና በእግሩ ተከተላት። ጭስ ማውጫውን ዞረችው፤ ሆዷ እንደነጣ ቀረ። ከዚያ አጥሩን ተሻግራ ወደ ሰፈሩ ቁልቁል ወረደች፤ አንድ ደጅ ላይ ካለ የአመድ ክምር አርፋ ቀላች። ወደሚቀጥለው ደጅ አለፈች፤ እዚያም ቀላች። አመዱ የትናንቱ ነው። ኅዳር ሲታጠን በሽታ ይወጣል እየተባለ፣ ከአባቶች ጀምሮ በየደጁ ጥራጊ ይቃጠላል። በመጨረሻ ያረፈችው ይትባረክ ራሱ በለኮሰው እሳት አመድ ላይ ነበር። ግማሹ የቀለጠ የፕላስቲክ ጫማና የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ ከአመዱ ብቅ ብሏል። እሳቱ ሲነድ ሶልያናን አቅፎ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

በእጁ የያዘው ሰሌዳ ግን አሁንም "ምንጭ፦ የሆስፒታሉ ጭስ ማውጫ" ይላል። ለምን ሲል መዝጋቢውን ጠየቀው።

"የኅዳር ጭስ በነዋሪ ስም እንዳይመዘገብ ምክር ቤቱ አዝዞኛል። ምንጭ የሌለው መርዝ እንዳልመዘግብም አዝዞኛል። የቀረኝ ጭስ ማውጫው ብቻ ነበር" አለው።

ይትባረክ ደፉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ሳቁም መጣበት። እንግዲያውስ ዓመቱን ሙሉ ልጁን የሚመርዝ ጭስ ማውጫ የለም። የቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁትም ወደ ቤታቸው አይመለሱም።

በምክር ቤቱ ፊት ያየውን ሲያስረዳ አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ የአባቶችን ልማድ ልትከስ ነው ወይ ብሎ ተነሣበት፤ ሌላው አባቶች ያቃጠሉት ገለባና ቡትቶ ነው፣ ፕላስቲክ የት ያውቃሉ ሲል መለሰለት። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ብርነሽ ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቁ።

"ማሽኑ አልተበላሸም" አሉ። "ይሉኝታ አስተማርነው እንጂ። የጎረቤት ስም ከማንሣት ብሎ በሌላው ላይ አላከከ። ይህን ከማን ተማረ?"

ምድጃው እንዳይታሸግ፣ ለኅዳር ጭስ ከለላ የሚሰጠው አንቀጽም እንዲሰረዝ ተወሰነ። ከእንግዲህ ፕላስቲኩን ማጣሪያ ባለው ምድጃቸው እንደሚቀበሉ አቶ ጉልማ ቃል ገቡ። ያን ጊዜ መዝጋቢው ከአዳራሹ ግድግዳ ድምፅ ማጉያ ውስጥ፣ የትናንቱ መርዝ እንግዲህ በማን ስም ይመዝገብ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም አቀረቀረ፤ አንዳንዱም ጉሮሮውን ጠራረገ።

ይትባረክ ከመቀመጫው ተነሣ።

"ከእኔ ደጅ ጀምር" አለ። "ይትባረክ ብለህ ጻፍ።"