በመሪው ዘንግ ላይ የታየች ስንጥቅ

እሑድ ኅዳር ፰ ቀን ፳፻ ዓ.ም. ማለዳ፣ ውርጩ ከወገራ የገብስ ማሳ ገና ሳይለቅ፣ ከጎንደር ደባርቅ የሚወስደው የጠጠር መንገድ ግራና ቀኙ በሕዝብ ተሞልቶ ነበር፤ አዲሱን ሺህ ዓመት ምክንያት በማድረግ የተሰናዳው ውድድር ይህንኑ መንገድ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ የሚያስነዳ በመሆኑ፣ ማኪናም ሰውም የሚፈተንበት ነበርና።

ከተሰለፉት ማኪናዎች በጎንደር ጋራዥ የተፈጠረችው አንዲቱ ብቻ ነበረች፤ ስሟም ጽናት ነው። ስማቸው የተባለው የጋራዡ ጌታ የአሮጌ ጭነት ማኪና ሞተር ወስዶ፣ አካሏን ከቧንቧ ብረት ቀጣጥሎ ለረጅም መንገድ ሠራት፤ ብረቱን የበየዱለት የሙያ አባቱ አያ ሐዲስ ነበሩ። በመጀመሪያ ውድድሯ ሞተሯ ፈልቶ አይከል ሳትደርስ ቀረች፤ ስማቸው ራዲያተሯን አስፍቶ በዓመቱ ቢመልሳት አንደኛ ወጣች፤ ሰውነት የተባለው ነጂዋም በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ከተማ ገባ።

ከደባርቁ ውድድር በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ አያ ሐዲስ የመሪውን ዘንግ በይደው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «እስቲ እየው፤ ሸጋ ነው?» አሉ።

ስማቸው ጎንበስ ብሎ ቢያይ ከብየዳው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየ። የሰባ ዓመት አዛውንትን፣ ያውም እጁን ይዘው ሙያ ያስተማሩትን ሰው፣ በሠራተኞች ፊት ተበላሽቷል ማለት ነውር መሰለው፤ ሲሄዱ ራሴ አድሰዋለሁ ብሎ በልቡ ያዘ።

«ሸጋ ነው አያ፤ የእርስዎ እጅ መቼ ይስታል?»

አዛውንቱ ግን ጋራዡ እስኪዘጋ ከማኪናዋ አጠገብ አልተነሡም። ስማቸውም ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር አያቅታትም ሲል ራሱን አባበለ።

ጽናት ሁለቱን ዙር መራች፤ በሦስተኛው ከአምባ ጊዮርጊስ ስትቃረብ ዘንጉ ተሰብሮ መሪው በሰውነት እጅ ባዶውን ዞረ፤ ማኪናዋም ከድንጋይ ካብ ጋር ተላተመች። የሰውነት ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

በሳምንቱ የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው ሻለቃ የሻው፣ ስማቸውን አስጠርተው፣ «አቶ ስማቸው፣ ማኪናዋ ስትነሣ ጤነኛ ነበረች?» ሲሉ ጠየቁት።

«ነበረች ጌታዬ» አለ።

ኮሚቴውም አደጋው የደረሰው በነጂው ከልክ ያለፈ ፍጥነት ነው ብሎ ፈረመ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ስማቸው ባለመናገሩ ግን የቀረው የሌላ ሰው እግርና ስም ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውነት የሚኖርበትን ሰፈር እየዞረ ማለፍ ጀመረ፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አላስችል ቢለው ከአያ ሐዲስ ቤት ሄደ።

«አያ፣ ዘንጉ ላይ ስንጥቅ አይቼ ነበር። እርስዎን ላለማሳፈር ብዬ ዝም አልሁ።»

«ምነው ልጄ!» አሉ አዛውንቱ፤ «እኔ የጠየቅሁህ እንድታመሰግነኝ ነው? ዓይኔ ደክሞ፣ የራሴን ብየዳ ማየት ቢሳነኝ እኮ ነው! በአንተ ዓይን ልይ ብዬ ነው!»

ስማቸው በሐፍረት መሬት መሬት እያየ ወጣ። በማግሥቱ ሻለቃ የሻው ዘንድ ቀርቦ ቃሉን ቢሰጥ፣ ኮሚቴው ፈርሷል፣ መዝገቡም ተዘግቷል አሉት። ወደ ሰውነት ሄዶ እግሩ ላይ ሲወድቅ፣ ሰውነት ክራንቹን ተደግፎ ተነሣ።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔስ እንዳልፈጠንሁ አውቃለሁ። የማያውቀው ሕዝቡ ነው፤ ለእሱ ንገር።»

በተከታዩ እሑድ ስማቸው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆሞ ሁሉን ለሕዝቡ ተናገረ። በዚያ ቀን ከሰሙት አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱ አገር ለቋል፣ የቀረውም እየረሳው ነው። የኮሚቴው ወረቀት ግን አለ፤ በዚያ ወረቀት ላይ ሰውነት እስከ ዛሬ ከልክ በላይ ይፈጥናል።