ስድስት ቀን ያመላለሰ ማዘርቦርድ

ካቻቢቴ ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ደንበኛ የለም። ካቻቢቴውን ከጆሮው ኋላ ሰክቶ ስለሚውል፣ አንዳንዴም እዚያው ረስቶት መደርደሪያውን ሲያተራምስ ስለሚታይ የገበያ ማዕከሉ ሰዎች ያወጡለት ስም ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው እንዳበቃ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል፣ ይገጥማል፣ ይጠግናል።

እሷ ደግሞ የመጽሐፍ ገጽ አቀናባሪ ናት። ተጠራጣሪ ናት። ተጠራጣሪ ስል እንዲያው ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም፤ መንገድ ስታቋርጥ መብራቱ አረንጓዴ ቢሆን እንኳ መብራቱን ራሱን የምትጠረጥር ሴት ናት።

አይፈረድባትም። አምና አንድ አፈ ቅቤ ሻጭ «አዲስ ነው፣ በሞቴ!» ብሎ የሸጠላት ኮምፒውተር፣ ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ከየትም የተለቃቀመ ሆኖ ተገኘ። ኮምፒውተሩ የሦስት ወር ሥራዋን እንደያዘ አልነሳ አላት። አሁን ደግሞ ትሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ተዘግቶ እቤት ቁጭ ብላለች። አንዲት አሳታሚ ግን አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ልትሰጣት ፈቅዳለች፤ የአንድ ዓመት እንጀራ ማለት ነው። «ቤትሽ የሚሠራ ማሽን ካለሽ ሥራው ያንቺ ነው» ብላታለች። የአሮጌው ሳጥን፣ ስክሪንና ኪቦርድ ደህና ናቸው። የሚቀየረው ዋናው ነገር ነው፤ የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰሩና እሱ የሚሰካበት ማዘርቦርዱ። ለዚያም የያዘቻት ጥሪት ለአንድ ጊዜ ብቻ የምትበቃ ናት። ከተታለለች አለቀ፤ ሁለተኛ ዕድል የላትም።

«ለምን ሥራ ነው የምትፈልጊው?» አላት ካቻቢቴ፣ በመጀመሪያው ቀን።

«ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ሳቀ። «ለጌም ከሆነ ሌላ ነው፣ ለጽሑፍ ከሆነ ሌላ ነው ብዬ ነው እህቴ።»

«ገጽ አቀናብራለሁ። ፎቶ ያለበት፣ ወፍራም መጽሐፍ።»

«እንግዲያው ውዱ ፕሮሰሰር ይቅርብሽ። መካከለኛው ይበቃሻል። ግራፊክሱን በውስጡ ስለያዘ ለብቻው ካርድ አትገዢም። ማዘርቦርዱም ይሄ የሚያብረቀርቀው አያስፈልግሽም። መብራቱ ገጽ አያቀናብርልሽም።»

ጉድ እኮ ነው! ሻጭ ሆኖ ውዱን አትግዢ የሚል ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይመጣል? ዓይኑን አየችው። እሱም አያት። ዓይኑ ከሚገባው በላይ ትንሽ ቆየባት። ሌባ እንዲህ አያይም አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ፣ ልምድ ያለው ሌባ ግን ያያል አለች።

«የትኛውን ማዘርቦርድ ልውሰድ ታዲያ?»

ካቻቢቴ አንገቱን አከከ። «እ... ነገ ሌላ ይገባልኛል። እሱን ሳታዪ አትወስኚ።»

በማግስቱ መጣች። የገባው ቦርድ ለራም፣ ለማስታወሻው፣ ያለው መሰኪያ ሁለት ብቻ ነበር። «አራት ያለው ይሻልሻል» አላት፣ «ዛሬ ሁለቱን ትሰኪያለሽ፣ ገንዘብ ስትይዢ ትጨምሪያለሽ። ነገ ብትመጪስ?» በሦስተኛው ቀን አራት ቦታ ያለው ተገኘ፤ ግን የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ሌላ ዓይነት ሆነ። ካቻቢቴ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በጣቱ እያሳያት፣ «አየሽ፣ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ከመነሻው ካልተስማሙ በግድ አይሆንም። ብትጫኚው ይሰበራል እንጂ አይገባም» አላት። በአራተኛው ቀን ስለ ኃይል ማከፋፈያው አስረዳት። በአምስተኛው ቀን ምን እንዳስረዳት ኋላ ስትጠየቅ አላስታወሰችም። እጆቹን ስታይ ነበር የዋለችው።

በዚያው ቀን ወደ ቤት ስትመለስ አንድ ነገር ልብ አለች። ሰማያዊውን ሻርፕ አድርጋለች። ያን ሻርፕ ሠርግ ቤት ካልሆነ አታደርገውም። ራሷን ጠረጠረች።

«ስንተኛ ቀኑ ነው?» አለቻት እናቷ፣ ገና በሩን ሳትዘጋ። እናቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆጣጠር ኖራ በጡረታ የተገለለች ሴት ናት። ያለ ትኬት የተሳፈረ ሰው ከአንገቱ አቀማመጥ ይታወቀኛል ትላለች።

«አምስተኛ።»

«አምስት ቀን የሚያመላልስ ሰው የሆነ የሚደብቀው ነገር አለው። ልጄ፣ ንቂ!»

«እኔስ መች አልነቃሁ እማዬ? ግን እኮ ርካሹን ግዢ ነው የሚለኝ።»

«እሱማ ነው የባሰው! ርካሹን የሚያሳይሽ ልብሽን እስኪያገኝ ነው።»

በስድስተኛው ቀን አሳታሚዋ ደወለች። እስከ ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ካልተነሳ መዝገበ ቃላቱን ለሌላ ሰው ልትሰጥ ነው። ልጅቱ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ይህንኑ ስትነግረው ካቻቢቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ብጣሽ ወረቀት ሳበና የፕሮሰሰሩንም የማዘርቦርዱንም ስም ጻፈላት።

«እነዚህ ናቸው። ሁለቱ ይስማማሉ። ዛሬውኑ ውሰጃቸው።»

«ስድስት ቀን ያቃተህን በአንድ ደቂቃ ወሰንከው?»

አቀረቀረ። የሚያምር ሰው ሲዋሽ ማየት እንዴት ያናድዳል!

እሷም ሞኝ አይደለችም። ማዘርቦርዱን ከሱ ገዛች፣ ፕሮሰሰሩን ግን ምድር ቤት ካለው ሱቅ። «ሁለቱንም ከአንድ ሰው አልገዛም» አለችው ፊት ለፊት። ቅር ይለዋል ብላ ስትጠብቅ ካርቶኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ «ትክክለኛው ነው። ነገ ጠዋት ከአሮጌው ሳጥን ጋር አምጪው፣ እገጥምልሻለሁ» ብቻ አላት።

ማታ እራት ላይ ዘዴውን ያመጣችው እናትየው ናት። ፕሮሰሰሩ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት ምልክት ይደረግበት። ላዩ ላይ እንዳይሆን ሲገጠም ሙቀት የሚቀንስ ግራጫ ቅባት ይቀባበታል፣ ሲጠረግ አብሮ ይሄዳል። ከታቹ ግን ማን ያየዋል? ቀይ የጥፍር ቀለም አመጡ። ከወርቃማዎቹ የመገናኛ ነጠብጣቦች መካከል ዳር ላይ አንዲት ጠብታ ጣል አደረጉበት። እናትና ልጅ ተያዩና ሳቁ። ይሄን የሚያልፍ ሌባ አልተወለደም ተባባሉ።

ዓርብ ጠዋት ካቻቢቴ ገጠመው። አጠገቡ ቆማ እያንዳንዷን ብሎን በዓይኗ ተከተለች። ማብሪያውን ሲጫን ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ቀረ። እንደገና ሞከረ። ጭልም። ራሙን ነቅሎ ሰካ። ጭልም።

«ተዪልኝና ሂጂ» አላት ላቡን እየጠረገ። «ሰኞ ሳይደርስ አነሳዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ጥላው ስትወጣ እግሯ አልሄድ አላት። ለዕቃው ይሁን ለሰውዬው ያን ጊዜ አልለየችውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደወለ። «ነቅቷል!» ድምፁ እንደ ልጅ ነበር። ሄደች። እውነትም ስክሪኑ ፍክት ብሎ በርቷል። ደስታዋ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

«ፍታውና ፕሮሰሰሩን አሳየኝ» አለችው።

«አሁን? እየሠራ?»

«አሁን።»

አጠፋው፣ ፈታው፣ ቅባቱን በጨርቅ ጠርጎ መዳፉ ላይ አስቀመጠላት። ስልኳን አውጥታ ላዩን ፎቶ አነሳች። ከዚያ ገለበጠችው። ቀይ የሚባል ነገር የለም። ክው አለች።

«ቀይረኸዋል!» ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። «ምልክቴ የለም! አዲሱን ወስደህ የማንንም አሮጌ ነው የሰካህልኝ!»

የጎረቤት ሱቅ ሰዎች አንገታቸውን ብቅ ብቅ አደረጉ። ካቻቢቴ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው።

«ቀይዋ... ያንቺ ናት?» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ እኮ ናት እንዳይነሳ ያደረገችው። መገናኛውን ሸፍናው ነበር። ትናንት ሙሉ ቀን ፈልጌ ፈልጌ አገኘኋት። በአልኮል አጸዳሁት፣ ነቃ።»

«ይሄን ተረት ለሌላ ንገር!»

«ካርቶኑ ላይ ቁጥር አለ። ፕሮሰሰሩ ላይም አለ። እቤትሽ ሄደሽ አስተያዪው።» ከዚያ ዓይኗን ሳያይ፣ «ምልክት አደረግሽብኝ?» አላት።

መልሶ ገጠመው። እጆቹ ያን ቀን ዘገምተኛ ነበሩ። ሳጥኑን ተሸክሞ እስከ ታክሲው ድረስ አወረደላትና፣ «መልካም ሥራ» ብሎ ደረጃውን መልሶ ወጣ። ታክሲው እስኪነሳ ዞር ይላል ብላ ጠበቀች። አልዞረም።

እቤት ደርሳ ካርቶኑን ከአልጋዋ ሥር ሳበች። እናቷ መነጽሯን አድርጋ ከካርቶኑ ላይ እየጮኸች አነበበች፤ እሷ ከፎቶው ላይ ተከተለች። አንድ ፊደል፣ ሁለት ፊደል፣ አራት ቁጥር... እስከ መጨረሻዋ ድረስ አንድ ነው። ደግመው አነበቡት። አንድ ነው።

«እማዬ፣ ሰውየውን ሰው ፊት ሌባ አልኩት እኮ!» አለችና አለቀሰች። ስታለቅስ ነው ነገሩ የገባት። እንዲህ አልቅሳ አታውቅም፤ አምና ለተበላሸው ኮምፒውተር እንኳ አላለቀሰችም። ትወደዋለች።

እናቷ መነጽሯን አወለቀች። «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። ሠላሳ ዓመት የሰው እጅ ሳይ ኖርኩ፤ ፊቱን ቀና ብዬ አላየሁም። አንቺንም እንዲያው አሳደግኩሽ።»

ሰኞ ጠዋት ለአሳታሚዋ የመጀመሪያውን ገጽ ላከችላት። ሥራው ያንቺ ነው ተባለች። እልል ማለት ነበረባት፤ ግን ደስታው ጎሎ ነው የደረሳት። ልብሷን ለብሳ ወጣች።

ካቻቢቴ ሲያያት የሚሠራበትን ነገር አስቀመጠ። «ምን ጎደለ?» አላት። ደረቅ ያለ ድምፅ ነው። አሁን የሚጠረጥረው እሱ ነው።

«ምንም አልጎደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ድምፅዋን ከፍ አደረገችው፤ ቅዳሜ የሰሙት ሁሉ ዛሬም እንዲሰሙ። «ቁጥሩ አንድ ነው። ቀዩን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ያበላሸሁትም እኔ። አንተ ስታድነኝ ስድብ ከፈልኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ከጎን ያለው የስልክ ሻጭ ሳል ሳል አድርጎ ወደ ሱቁ ገባ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«አንቺ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትሽም» አለ በመጨረሻ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

«እንዴት?»

«የትኛው ፕሮሰሰር ከየትኛው ማዘርቦርድ እንደሚሆንሽ መጀመሪያ ቀን፣ 'ገጽ አቀናብራለሁ' ስትዪኝ ነው ያወቅሁት። ቦርዱም እዚሁ መደርደሪያ ላይ ነበር። ከነገርኩሽ ገዝተሽ ትሄጃለሽ፤ ከሄድሽ ደግሞ መች ትመለሻለሽ? ነገ ነይ፣ ነገ ነይ እያልኩ አመላለስኩሽ። ሰኞ የሚባለውን ስትነግሪኝ ግን ደነገጥኩ። እንጀራሽን ላሳጣሽ ነበር እኮ። ይቅርታ የምጠይቀውስ እኔ ነኝ።»

አፏን ከፍታ አየችው። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። እንባዋም አብሮ መጣ።

«የሆነ ነገር እንደምትደብቅ አውቄ ነበር! ብዬ ነበር! እማዬም ብላ ነበር!»

«እናትሽም?»

«ወየውልህ! እሷ ጋ ነው ጉድህ የሚፈላው።» በጣቷ እንባዋን ጠረገች። «ሌላስ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

«አለ።»

«ተናገር።»

«ነገ ብትመጪ ብነግርሽስ?»

«አይሞከርም! አሁን።»

ባንኮኒውን ዞሮ መጣ። አጠገቧ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ከልጅነቷ ጀምሮ ለሰማችው ነገር ሁሉ ማስረጃ ስትጠይቅ የኖረችው ሴት፣ ለዚህኛው አልጠየቀችም።