ጎረቤቷን ጠይቁ

ባርኖ ኦይቤክን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ላሙ የአያቷን ወይን ስትበላ ነው።

የዕቃው መኪና ገና ተራግፎ አላለቀም። አባቷ ቱርሱን የሥራ መሣሪያውን ማንም እንዳይነካበት ለብቻው ይሸከማል። እናቷ ሙካዳስ «ቀስ በሉ! ሲኒዎቹ!» እያለች ትጮኻለች። ባርኖ ደግሞ ከመሃል ታሽከንት ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ያመጣችውን የወይን ቅርንጫፍ የጭቃው አጥር ላይ አስቀምጣ አካፋ ልትፈልግ ዞር አለች። ስትመለስ አንዲት ቀይ ላም ከአጥሩ ማዶ አንገቷን አስግጋ ቅርንጫፉን ከነጨርቁ ታላምጣለች።

«ወይኔ ጉዴ! ይተዉ! ኧረ ይተዉ እላለሁ!»

ባርኖ ስትናደድ እንዲህ ናት፤ ያገኘችውን ሁሉ አንቱ ትላለች። ላሟንም አንቱ አለቻት።

ከማዶ አንድ ሰው ሳቀ። ፀሐይ ያጠየመው፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ የሰበሰበ ረጅም ወጣት ነው።

«ይቅር በያት እባክሽ፤ ትንሽ አስተዳደግ ይጎድላታል።»

«በያት? ከመቼ ወዲህ ነው የተዋወቅነው ጌታው?»

«እሺ፣ ይቅር ይበሏት።»

«ያ ወይን አያቴ የተከሉት ነው! ቤታችን ሲፈርስ ከግቢያችን የተረፈን እሱ ብቻ ነው!»

የወጣቱ ሳቅ ጠፋ። ከላሟ አፍ የተረፈችውን፣ ስንዝር የማትሞላ እንጨት ጎትቶ አወጣ፤ አገላብጦ አያት። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገር አጥሩን ዘሎ ገባ፤ ጥግ ላይ ቆፍሮ ተከላት፤ በደጁ ከሚያልፈው ቦይ ውኃ በመዳፉ እየጨለፈ አጠጣት።

«ሁለት እንቡጥ ቀርቷታል፤ ይበቃታል። ካልበቀለች ላሟን ይውሰዷት።»

«ላምዎን ወስጄ ምን ላደርጋት?»

«ይሰድቧታላ! አንቱ ብሏት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ደስ ብሏታል።»

ባርኖ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ገባች። በሩን ከዘጋች በኋላ ግን ሳቋ አመለጣት።

እናንተዬ፣ ከመሃል ከተማ መውጣት ቤት መቀየር ብቻ አይምሰላችሁ! ድሮ ሰፈራቸው፣ ከቾርሱ ገበያ ጀርባ፣ «የአልጋ ሠሪው ቱርሱን ቤት የት ነው?» ብትሉ ያገኛችሁት ሰው እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ቱርሱን ወይ አባቱ በሠሩት የሚወዛወዝ የሕፃን አልጋ ተኝቶ ያደገ ነው። ስም ነበራቸው። እዚህ ከተማው ዳር፣ ያንጊቦግ ግን በግራ የበቆሎ ማሳ፣ በቀኝ ኦይቤክና እናቱ ሳፉራ ከነላሞቻቸው፣ ከፊት ቦይና እንቁራሪት። አለቀ።

ሙካዳስን እንቅልፍ የነሳት እንቁራሪቱ አይደለም። በአገሩ ደንብ አማጭ ሴቶች የልጅቷን በር ከማንኳኳታቸው በፊት ጎረቤት ይጠይቃሉ። ልጅቷ እንዴት ናት? ጠባይዋስ? ጎረቤት ካመሰገነ በሩ ይንኳኳል። ጎረቤት አፉን ካጣመመ አማጮቹ እንደመጡ ይመለሳሉ፤ የልጅቷም ስም በዚያው ይጠፋል።

«እዚያ ብንሆን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርልሽ ነበር» ትላለች ሙካዳስ። «እዚህ ማን ይጠየቃል? ጎረቤታችን እኮ ላም ነው!»

«የኔ ልጅ ምስክር አያስፈልጋትም!» ይላል ቱርሱን ደረቱን ነፍቶ። እንዲህ ይበል እንጂ እሱም ሆዱ ባብቷል። ማንም ሰላም በማይለው መንገድ ላይ ሲሄድ ትከሻው ዝቅ ይላል።

ባርኖ ይህን ታያለች። አይታም ወገቧን ታጥቃ ተነሳች። ጠዋት ጠዋት ደጃቸውን ትጠርጋለች፤ የራሳቸውን ስትጨርስ የጎረቤቱንም እስከ ቦዩ ድልድይ ድረስ ትጠርጋለች። «የከተማ ሰው ሰነፍ ነው እንዲሉን አልፈልግም» ትላለች።

ወይኗ በቀለች። ኦይቤክ በየጠዋቱ ወተት በጣሳ አጥሩ ላይ ያስቀምጥ ጀመር። ጣሳ ባዶውን መመለስ ነውር ነውና ባርኖ አንዳንዴ የደረቀ እንኮይ፣ አንዳንዴ የእናቷን ሳምቡሳ ሞልታ ትመልሳለች።

«ዛሬስ ላሜን ምን ይሏታል?»

«ወተትዎ ቀጠነ ይበሉልኝ።»

«ቀስ ይበሉ፣ ትሰማለች! ካኮረፈች ቡናማዋን ነው የምናልበው!»

መቼ እንደሆነ ሳያውቁት አንቱታው ቀረ። አንድ ጠዋት ኦይቤክ ጣሳውን እንደያዘ «ባርኖ...» አለ። ባርኖ ቀና ብላ አየችው። «እዚህ አቧራ ውስጥ ብዙ የምትቆዪ አይመስለኝም። የከተማ ልጅ ነሽ» አላት።

«ማን ነገረህ?»

ባርኖ ሌላ ቃል ጠበቀች፤ እሱ ግን ወደ ላሞቹ ሄደ።

ቼሪው ሲቀላ ከድሮ ሰፈር መልእክት መጣ። ማስቱራ የምትባል የተከበረች ሴት ለልጇ ባርኖን ልትጠይቅ ትመጣለች። ሙካዳስ በደስታ ክንፍ አወጣች። «ስማችን አልጠፋም! እዚህ ድረስ ፈልገው መጡ!» ባርኖ እሺም እንቢም አላለች። ኦይቤክ ይህን ሲሰማ ይናገራል ብላ ነው ያሰበችው።

በቀጠሮው ቀን ገበታው ተዘረጋ። ባርኖ በላይኛው መስኮት ታያለች። ማስቱራና እህቷ፣ ጥሩ የሐር ሻሽ ያሰሩ፣ ከመኪና ወረዱ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ወደ ጎረቤት አመሩ። ሳፉራ ገበያ ሄዳለች፤ በር ላይ ያለው የወተት ባልዲ የያዘው ኦይቤክ ነው። ማስቱራ ጠየቀችው። እሱ መለሰ። ደግማ ጠየቀችው። ደግሞ መለሰ። ብዙ አወሩ። ከዚያ ማስቱራ ወደ ባርኖ ቤት አየት አድርጋ፣ እህቷን ክንዷን ይዛ ወደ መኪናው ተመለሰች።

በሩ አልተንኳኳም።

ሙካዳስ ገበታው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቱርሱን አላለቀሰም። ፊቱ አመድ መስሎ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ቤት ወተት አይገባም» አለ። «በሰው አገር መጥተን አንገታችንን አስደፋን!»

ባርኖ በቀጥታ ወደ ድልድዩ ወጣች።

«ምን አልካቸው?»

«የጠየቁኝን መለስኩ።»

«ምን ብለህ?»

ኦይቤክ አንገቱን ደፋ። «እሱን ለአንቺ መናገር አልችልም።»

«ለማታውቃቸው ሴቶች ያልከውን ለኔ መናገር አቃተህ?»

«ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም። ወላሂ!»

«ታዲያ ለምን ተመለሱ?»

«አላውቅም ባርኖ! እውነት አላውቅም!»

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ አያውቁኝም ጌታው። እኔም አላውቅዎትም።»

አንቱ ስትለው ኦይቤክ በጥፊ የተመታ ያህል ክው አለ። የዚያን ጠዋት ጣሳ ሳይመለስ እነ ባርኖ ቤት ቀረ። አጥሩ ላይ ሌላ ጣሳ አልተቀመጠም። ባርኖ ደጅ መጥረጓን አልተወችም፤ አሁን ግን የምትጠርገው የራሳቸውን ብቻ ነው። አንዳንድ ጠዋት መጥረጊያውን ይዛ ወደ ድልድዩ እያየች እንባዋ ይመጣል። በራሷ ትናደዳለች። ስሟን ያጠፋ ሰው እንዴት ይናፍቃታል?

በመከር የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ሠርግ ሆነና እናትና ልጅ ወደ ከተማ ሄዱ። ሙካዳስ ማስቱራን ከሩቅ ስታይ ባርኖን ክንዷን ያዘቻት። «በዚያ በኩል እንዙር። በአላህ አታዋርጂኝ!»

«ምን አጠፋሁ ብዬ ነው የምዞረው?» ባርኖ ቀና ብላ ሴትዮዋ ፊት ቆመች። ሴት ልጅ አማጭን መጠየቅ የትም ያልታየ ድፍረት ነው፤ እሷ ግን ጠየቀች።

«ማስቱራ ኾላ፣ አክስቴ፣ እኔ ባርኖ ነኝ። በሬን ሳያንኳኩ ተመልሰዋል። ያ ጎረቤታችን ስለ እኔ ምን አለዎት?»

ማስቱራ አፍጥጣ አየቻት። «እስካሁን አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

«አንቺዬ! እስካሁን ተድረሽ ይሆናል ብዬ ነበር እኮ!» ማስቱራ ይዛት ቁጭ አለች። «ጠባይዋ እንዴት ነው አልኩት። ቁጡ ናት አለኝ። ስትቆጣ ላሜን እንኳ አንቱ ትላታለች አለኝ። ሙያዋስ ስለው፣ ደጃችንን እስከ ድልድዩ ትጠርጋለች፣ እናቴ ከዚያ ወዲህ ወገቧን አላመማትም አለኝ። ቤተሰቧን ታከብራለች ወይ አልኩት። አባቷ ዓይኑ ደክሟል፤ አልጋ ሲቀባ መብራት ይዛ አጠገቡ ትቆማለች፤ እንዳያፍር ግን ነፋስ ልቀበል ነው የመጣሁት ትለዋለች አለኝ።»

ሙካዳስ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። ይህን እሷም አታውቅም ነበር።

«ከዚያ 'ይውሰዷት፣ እንደሷ ያለ አያገኙም' አለኝ። እንዲህ ሲለኝ የያዘውን ወተት ጫማው ላይ ያፈሰዋል፤ አላወቀም! ልጄ፣ አንተስ ለምን አልጠየቅካትም አልኩት። 'የከተማ ልጅ ናት፤ እኔ ላም ጠባቂ ነኝ' አለኝ። እኔ ለልጄ ሚስት ፍለጋ ነው የወጣሁት፣ የሰው ልብ ልነጥቅ አይደለም! በዚያው ሳምንት እናቱን ይልካል ብዬ ተመለስኩ። ዝም ማለቴ ስምሽን እንደጎዳው ባውቅ ኖሮ... አፈር ልብላልሽ!»

ባርኖ እያለቀሰች ትስቃለች። ሙካዳስ ግን ሠርገኛው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ «እንዲህ ተብሎልናል! በሌለንበት እንዲህ ተብሎልናል!» እያለች ደረቷን ትመታለች።

ይህን ቤት ገብተው ሲነግሩት ቱርሱን ሥራ ክፍሉ ገባ፤ ቆየ። ሲወጣ ያንን ያልተመለሰ የወተት ጣሳ ዋልነት ሞልቶበት ይዟል። ወስዶ አጥሩ ላይ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠርጎ ገባ። ይቅርታ ማለቱ ነው። ከዚህ በላይ ቱርሱን አይችልበትም።

ኦይቤክ ጣሳውን ሊያነሳ ሲመጣ ባርኖ አጥሩ ሥር ቆማለች።

«ኦይቤክ!»

«ያውቁኛል እንዴ?» አላት። ከፍቶታል።

«ማስቱራ ኾላን አገኘኋት።»

ጣሳው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«በክፉ ጠርጥሬሃለሁ። ይቅር በለኝ» አለች። «ግን ይውሰዷት ትላለህ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ጥሩ አይደለችም ልበል?»

«ለራሴ ነው የምፈልጋት አትልም ነበር?!»

ቀይዋ ላም ብቻ ታመነዥካለች።

«እንቢ ብትይኝስ?» አለ በቀስታ። «አንቺ የዚያ ሁሉ ስም ልጅ... እኔ ምን አለኝ?»

«እናትህ ዳቦ ይዘው ይምጡ። እንቢታዬን ያኔ ትሰማለህ።»

ሳፉራ በማግስቱ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። ኦይቤክ ከኋላዋ በር ላይ ቆመ። የአገሩ ደንብ ነው፤ ዳቦው ከተቆረሰ ቃል ተሰጠ ማለት ነው። ቱርሱን ግን እጁን አልዘረጋም።

«ሳፉራ፣ እኛ ደንብ እናውቃለን» አለ ኮስተር ብሎ። «ልጅ ከመስጠታችን በፊት ጎረቤት እንጠይቃለን።»

ሳፉራ ደነገጠች። «ቱርሱን አካ፣ ወንድሜ፣ የኛ ጎረቤት እኮ እናንተ ብቻ ናችሁ!»

«እሱን ነው የምልሽ።» ቱርሱን ወደ ማድ ቤቱ በር ዞረ። «ጎረቤት! እስቲ ብቅ በይ!»

ከበሩ ጀርባ ጆሮዋን ጥላ የነበረችው ባርኖ እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ ብቅ አለች።

«ይህን ልጅ ታውቂዋለሽ ወይ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው? እውነቱን ተናገሪ፤ ጎረቤት አይዋሽም።»

ባርኖ ኦይቤክን አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አገጯ ግን ቀና እንዳለ ነው።

«ዓይን አፋር ነው። አጠገቡ ያለ በር ማንኳኳት የሚከብደው ሰው ነው። ላሙም ባለጌ ናት» አለች። «ግን ወዳጅ ዘመድ በሌለን አገር ስማችንን አክብሮ የጠበቀ ሰው ነው። የሚወዳትን እንደሚያጣ እያወቀ እውነቱን የተናገረ ሰው ነው። የሚድሯት ልጅ ካለችዎት... ለእሱ ይስጧት።»

ቱርሱን ሊስቅ ፈለገ፤ ድምፁ ግን ተሰበረ። ዳቦውን በአንድ በኩል ያዘ፣ ሳፉራ በሌላው በኩል ያዘች። ተቆረሰ።

በሠርጉ ቀን ሳፉራ «አጥሩን አፍርሰን ሙሽራዋን በዚያ እናስገባት፣ ሁለት እርምጃ ናት» ብትል ቱርሱን ሊሰማት አልወደደም። «ልጄ በአጥር ቀዳዳ አትዳርም!» አለ። የሙሽራው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ያንጊቦግን ከዳር እስከ ዳር ዞሮ፣ በድልድዩ ተሻግሮ፣ ከተነሳበት አጠገብ ቆመ። ባርኖ ከኦይቤክ ጎን እንደተቀመጠች በሳቅ ሞተች።

የድሮ ሰፈራቸው ሰው በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ማስቱራ ከሁሉ ቀድማ ወረደችና መንገድ ዳር ሐብሐብ የምትሸጥ አንዲት የያንጊቦግ ሴት ጠየቀች።

«እህቴ፣ የአልጋ ሠሪው ቱርሱን ቤት የት ነው?»

«እሱን የማያውቅ አለ እንዴ!» አለች ሴትዮዋ። ሐብሐቧን እዚያው ትታ የማስቱራን እጅ ያዘችና እስከ በሩ ድረስ አደረሰቻት።